የተራራ ካርታ ገበያ፦ ትርፍና ኪሳራው ከማተሚያ ቤት በፊት ይወሰናል

በአሁኑ ጊዜ ኮምፒዩተርና ጥሩ ማተሚያ ያገኘ ሁሉ ካርታ አትሞ መሸጥ የሚችል ይመስለዋል። ለቢሮ ግድግዳ የሚሰቀል ካርታ ከሆነ ነገሩ ከእውነት ብዙም የራቀ አይደለም። ለተራራ የእግር ጉዞ የሚሸጥ ካርታ ግን የተለየ ሸቀጥ ነው። ገዢው ዕቃውን የሚፈትሸው በሱቅ ባንኮኒ ላይ ሳይሆን ጭጋግ በወረደበት የገደል አፋፍ ላይ ነው። እዚያ የተገኘ ስሕተት በደረሰኝ ተመልሶ የሚቀየር አይደለም።

እንደሚታወቀው በሀገራችን ለዚህ ሸቀጥ በቀዳሚነት የሚጠቀሰው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ በ2017 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሰሜኑ የሀገሪቱ ክፍል የደረሰው ጦርነትና ግጭት የጎብኚውን ቁጥር ክፉኛ እንደጎዳው ማንም አይክድም። ሆኖም ገበያው ሲመለስ ዕቃ ይዞ የሚጠብቀው አስቀድሞ የተዘጋጀ ሰው ነው። ለዝግጅቱ ደግሞ አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል፦ በካርታ ሥራ ዋናው ወጪም ዋናው አደጋም ያለው ከኅትመቱ በፊት ነው። የማተሚያ መኪና ትክክሉንም ስሕተቱንም በእኩል ፍጥነት ያባዛል።

ገዢው ማን ነው?

የእጅ ስልክ የወረቀት ካርታን ገበያ እንደወሰደ የሚናገሩ ብዙዎች ናቸው። በከተማ መንገድ ይህ እውነት ነው። በተራራ ላይ ግን ስልክ ኔትወርክ ያጣል፣ በብርድ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ትንሽ መስታወቱም የሦስት ቀን ጉዞን በአንድ እይታ አያሳይም። ስለሆነም የወረቀት ካርታ ገዢ ስልክ የሌለው ሰው አይደለም፤ ስልክ ኖሮት መጠባበቂያ የሚፈልግ፣ ጉዞውን በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማቀድ የሚሻ ሰው ነው።

ከእሱ ሌላ አስጎብኚ ድርጅቶች፣ ሎጆች፣ የመታሰቢያ ዕቃ ሱቆች፣ ተመራማሪዎችና የእርዳታ ድርጅቶች አሉ። እነዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ ቅጂ የሚወስዱ በመሆናቸው ለአከፋፋይ ይመቻሉ። ነገር ግን ደንበኛቸውን በካርታው የሚመሩት እነሱ ስለሆኑ ስሕተት ከተገኘ ሁለተኛ አይገዙም።

«ትክክለኛ» ማለት ምን ማለት ነው?

በገበያ ላይ ሁሉም ካርታ «ትክክለኛ» ተብሎ ይሸጣል። ቃሉ ግን የሚለካ ትርጉም አለው። አሜሪካኖች በ1947 እ.ኤ.አ. ያወጡት የካርታ ትክክለኛነት ደረጃ ጥሩ መለኪያ ነው። በዚህ ደረጃ መሠረት ስኬላቸው ከ1፡20,000 በሚያንስ ካርታዎች ላይ ከተፈተኑት ነጥቦች 90 በመቶ የሚሆኑት ከእውነተኛ ቦታቸው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ በላይ መራቅ የለባቸውም። በ1፡50,000 ካርታ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር በመሬት 50 ሜትር ስለሆነ የተፈቀደው ስሕተት 25 ሜትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ለከፍታ ደግሞ ከተፈተኑት ነጥቦች 90 በመቶው በሁለት የከፍታ መስመሮች መካከል ካለው ልዩነት ከግማሹ በላይ መሳሳት የለባቸውም።

ባለሀብቱ ለካርታ አዘጋጁ ሊያቀርብ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ እንግዲህ «ያምራል ወይ?» ሳይሆን «ስንት ነጥብ ፈተናችሁ፣ ስንቱስ አለፈ?» የሚለው ነው።

ስኬሉም ቢሆን የሂሳብ ጉዳይ ነው። ከደባርቅ እስከ ራስ ደጀን በቀጥታ መስመር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ በ1፡25,000 ሁለት ሜትር፣ በ1፡50,000 አንድ ሜትር፣ በ1፡100,000 ደግሞ ግማሽ ሜትር ወረቀት ይፈጃል። ሁለት ሜትር ወረቀት በነፋስ ውስጥ የሚዘረጋ ሰው የለም። 1፡100,000 በአንድ ገጽ ይበቃል፤ ነገር ግን ትንንሽ መንገዶችንና ምንጮችን ያጨናንቃል። 1፡50,000 የሚመርጥ ሰው ወረቀቱን በሁለት ገጽ ማተም፣ ወይም ተፈላጊውን ክፍል ብቻ ቆርጦ ማውጣት ይኖርበታል።

ጥሬ ዕቃው ከየት ይመጣል?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ የካርታ ጥሬ ዕቃም ምንጩ መታወቅ አለበት። ዋና ዋናዎቹ ምንጮች ሦስት ናቸው።

አንደኛው የመንግሥት የቅየሳ ካርታ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያና አሜሪካ በጋራ ባካሄዱት የካርታ ሥራ ዘመቻ የአየር ፎቶግራፍ ተነሥቷል፤ የቅየሳ ነጥቦችም ተተክለዋል። ከዚያም በኋላ የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት የ1፡50,000 ካርታዎችን ሲያዘጋጅ ኖሯል። ሥራው ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ነው። ለስሜን በተለይ የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጧቸው ካርታዎች አሉ፤ ከእነዚህም አንዱ ለተጓዦች የተዘጋጀ የ1፡100,000 ካርታ ነው።

ሁለተኛው ከሰማይ የተለካ ከፍታ ነው። በፌብሩዋሪ 2000 እ.ኤ.አ. ኢንደቨር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር በ11 ቀናት ውስጥ አብዛኛውን የዓለም የብስ በራዳር ለክታለች። በየ30 ሜትሩ አንድ የከፍታ ቁጥር የያዘው መረጃ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓለም በነጻ ተለቅቋል። የአውሮፓው ኮፐርኒከስ ፕሮግራምም ተመሳሳይ መረጃ በነጻ ይሰጣል።

ሦስተኛው በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና በፈቃደኞች የሚሠራው ኦፕን ስትሪት ማፕ ነው። መንገድ፣ መንደርና ወንዝ በብዛት ይገኝበታል። ጥራቱ ግን ያንን ቦታ በሣለው ሰው ትጋት ይወሰናል።

እዚህ ላይ ሕጉ ሊጤን ይገባል። የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ካርታን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ይቆጥራል። ስለዚህ የሌላውን ካርታ ስካን አድርጎ ቀለሙን ቀይሮ ማተም ንግድ ሳይሆን ክስ መጋበዝ ነው። የመንግሥትን ካርታ ለመጠቀም በጽሑፍ ፈቃድ መያዝ ይበጃል። ኦፕን ስትሪት ማፕ ለንግድ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ምንጩን በካርታው ላይ መጥቀስ ግዴታ ነው። ከእሱ ያሻሻሉትን የመረጃ ቋት በይፋ የሚጠቀሙበት ከሆነም በዚያው ፈቃድ ለሌላው ክፍት ማድረግ ያስፈልጋል።

የ200 ሜትሩ ወጥመድ

ሦስቱን ምንጮች አንድ ላይ ሲያደራርቡ ብዙ ጀማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። የድሮዎቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የልኬት መነሻ ነው። ስሙ በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ከነበረ የቅየሳ ጣቢያ የተወሰደ ነው። የዛሬው ስልክና የጂፒኤስ መሣሪያ ግን የሚሠራው ደብሊውጂኤስ 84 በተባለው የዓለም መነሻ ነው። ሁለቱ መሬትን የሚያዩበት ቅርጽና የሚነሡበት ማዕከል ስለሚለያይ የአንዱን የካሬ ቁጥር በሌላው ላይ ያነበበ ሰው በኢትዮጵያ ውስጥ ከ200 ሜትር በላይ ይስታል።

በሜዳ ላይ 200 ሜትር ምንም ላይሆን ይችላል። በስሜን ግን የሰሜኑ ገደል በአንዳንድ ቦታ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። መንገዱም አፋፉን ተከትሎ ይሄዳል። ስለዚህ 200 ሜትር ማለት በመንገዱና በባዶው አየር መካከል ያለው ልዩነት ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ምንጮቹን ሁሉ ወደ አንድ መነሻ መለወጥ፣ ከዚያም የመነሻውን ስም በካርታው ኅዳግ ላይ በግልጽ መጻፍ ነው። ኅዳጉ ላይ መነሻው ያልተጻፈበትን ካርታ ነጋዴው ባይረከብ ይሻለዋል። ኮምፓስ ለሚይዝ ተጓዥም የመግነጢስ ሰሜን ከእውነተኛው ሰሜን ያለው ልዩነት ከተለካበት ዓመት ጋር መጻፍ አለበት፤ ልዩነቱ ከዓመት ዓመት ይለወጣልና።

የከፍታ መስመር ጌጥ አይደለም

የተራራ ካርታን ከሌላው ካርታ የሚለየው ኮንቱር የሚባለው የከፍታ መስመር ነው። እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ያያይዛል። መስመሮቹ ሲጠጋጉ ዳገቱ ይከብዳል፤ ሲራራቁ ይቀላል። ኮምፒዩተር እነዚህን መስመሮች በየ10፣ በየ20 ወይም በየ40 ሜትሩ ያለ ምንም ቅሬታ ይሥላል። ጥያቄው መረጃው ይህን ይችላል ወይ ነው።

ሂሳቡ እነሆ። የ2000 እ.ኤ.አ. የራዳር ልኬት ሲታቀድ የተገባለት ቃል 90 በመቶው ነጥብ ከ16 ሜትር በላይ እንዳይሳሳት ነበር። ቀደም ብለን በጠቀስነው ደረጃ የከፍታ ስሕተት ከመስመር ልዩነት ከግማሽ መብለጥ የለበትም። የ16 እጥፍ 32 ነው። በመሆኑም ከዚህ መረጃ በኃላፊነት ሊወጣ የሚችለው የ40 ሜትር መስመር ነው። በብዙ ቦታ ልኬቱ ከታቀደው የተሻለ ቢሆንም በቀጥ ያለ ገደል ላይ ግን ይብሳል፤ ራዳር በጎን ስለሚያይ ከገደሉ ጀርባ ያለው መሬት በጥላ ይሸፈንበታል። ባዶ የቀረው ክፍል በግምት ይሞላል። ከእንዲህ ያለ መረጃ የ10 ሜትር መስመር አውጥቶ የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው ካርታ ሳይሆን ጌጥ ነው።

ወረቀቱም የራሱ ወሰን አለው። በ1፡50,000 ካርታ ላይ 45 ዲግሪ የሚያዘቀዝቅ ቦታ በየ20 ሜትሩ መስመር ቢሠራለት በመስመሮቹ መካከል የሚኖረው ርቀት 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ዳገቱ 70 ዲግሪ ሲደርስ ርቀቱ ወደ 0.15 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ያን ጊዜ መስመሮቹ ተጣብቀው ቡናማ ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል። ጥሩ አዘጋጅ እዚህ ቦታ ላይ መስመሩን ቆርጦ የገደል ምልክት ያስገባል። ተጓዡ ማወቅ የሚፈልገው የገደሉን እያንዳንዱን ሜትር ሳይሆን ገደል መሆኑን ነውና።

እግር ያልረገጠው ካርታ

ሳተላይት የማያያቸው ነገሮች አሉ። ምንጩ በበጋ ይደርቃል ወይስ አይደርቅም? መንገዱ ለጭነት በቅሎ ይሆናል ወይስ ለሰው ብቻ? ወንዙን በክረምት መሻገር ይቻላል? ለተጓዥ ከሁሉ የሚበልጡት እነዚህ ናቸው። የሚገኙትም ከአካባቢው አስጎብኚ፣ ከስካውትና ከበቅሎ ጫኝ ብቻ ነው። ስለዚህ የመስክ ማጣሪያ ከወጪ ዝርዝር ላይ የሚሰረዝ ቅንጦት ሳይሆን የሥራው እምብርት ነው። ቢቻል በሁለት ወቅት፣ አንዴ በዝናብ ማብቂያ፣ አንዴ በበጋ መጨረሻ ቢደረግ ይመረጣል።

መሬቱም ይለወጣል። የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ከፓርኩ ውስጥ ወጥተው በደባርቅ ሰፍረዋል። ከዚያ በፊት የታተመ ካርታ መንደሩን እንደነበረ ያሳያል። በዚያ ካርታ ተማምኖ «እዚያ ስደርስ ሰው አገኛለሁ» ያለ ተጓዥ ባዶ ሜዳ ላይ ሊመሽበት ይችላል። አሮጌ ካርታ ገልብጦ ማተም አሮጌ ዕቃን በአዲስ ካርቶን ከመሸጥ አይለይም።

የስምና የቁጥር ነገርም አለ። የሀገራችን ትልቁ ተራራ በአካባቢው አጠራር ራስ ደጀን ሲሆን በብዙ የውጭ ካርታዎች ላይ «ራስ ዳሸን» ተብሎ ሠፍሯል። ከፍታውም በድሮ መጻሕፍት 4,620 ሜትር ይባል ነበር፤ በኋላ የተደረጉ ልኬቶች ግን ወደ 4,550 ሜትር ዝቅ አድርገውታል። 70 ሜትር የሚሆን ልዩነት ነው። በመንገድ ላይ ሰው የሚጠይቅ ተጓዥ የሚጠቅመው ሕዝቡ የሚጠራው ስም ነው። ስለሆነም ስሞች በግዕዝ ፊደልና በላቲን ጎን ለጎን ቢጻፉ ለውጭ ገዢም ለአስጎብኚውም ይጠቅማል። የአማርኛውን ስም የውጭ ሰው ከጻፈው ላቲን መልሶ መተርጎም ግን አይገባም፤ ስሕተቱ የሚገባው በዚህ በር ነው።

በማተሚያ ቤት ውስጥ

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ የማተሚያ ቤቱ ተራ ይደርሳል። ሦስት ነገሮች ሊታዩ ይገባል።

የመጀመሪያው ቀለም ነው። በአራት ቀለም በሚሠራው የተለመደ ኅትመት ቡናማ የሚገኘው ከቀይ፣ ከቢጫና ከጥቁር ነጠብጣቦች ድብልቅ ነው። ለፎቶግራፍ ይህ ችግር የለውም። የ0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው የከፍታ መስመር ግን ቀለሞቹ ጥቂት እንኳ ከተዛነፉ መስመሩ ይደበዝዛል። መፍትሔው ለከፍታ መስመር አስቀድሞ የተቀመመ ቡናማ ቀለም በራሱ ፕሌት ማተም ነው። ዋጋው ይጨምራል፤ ነገር ግን ልዩነቱ በዓይን ይታያል። የቦታ ስሞችም በጥቁር ብቻ ይታተሙ።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። ወረቀት እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል። ከጫፍ እስከ ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር የተለጠጠ የ1፡50,000 ካርታ 150 ሜትር ስሕተት ተሸክሟል ማለት ነው። ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት በማተሚያ ክፍሉ አየር እንዲቆይ ማድረግ፣ የወረቀቱንም የክር አቅጣጫ ማወቅ ያስፈልጋል። በሁለት ገጽ የሚታተም ከሆነ ማዶው እንዳያሳይ ወፈር ያለ መሆን አለበት። በውጭ ሀገር የተራራ ካርታ አሳታሚዎች ከፕላስቲክ የተሠራና የማይቀደድ፣ ውኃም የማያበሰብሰው «ወረቀት» ይጠቀማሉ። ዋጋው ከፍ ያለ ስለሆነ ከማዘዝ በፊት ማተሚያ ቤቱ ለዚህ የሚሆን ቀለም እንዳለው በናሙና ማየት ይገባል፤ ተራ ቀለም ቶሎ አይደርቅበትምና።

ሦስተኛው ናሙና ነው። ከማጽደቅ በፊት በማስመሪያ ይለካ። በ1፡50,000 ካርታ ላይ የ10 ኪሎ ሜትር የስኬል መስመር ልክ 20 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ማተሚያ ቤቱ «ወረቀቱ እንዲበቃ ትንሽ አሳነስነው» ካለ ጠቅላላው ሥራ ከስሯል። ከዚያም ናሙናውን አጥፎ፣ ዘርግቶ፣ በውኃ ነክሮ መሞከር ነው። እጥፋቱ በዋናው የጉዞ መስመር ወይም በሰፈር ቦታ ስም ላይ ካረፈ ጥቂት ቀን ባገለገለ ጊዜ ያ ቦታ ይፋቃል።

ሂሳቡ

ለማስረዳት ያህል ብቻ የምሳሌ ቁጥር እንውሰድ። መረጃ ለመግዛት፣ ለመስክ ማጣሪያና ለሥዕል የወጣው 600,000 ብር ነው እንበል። የአንድ ቅጂ ወረቀትና ኅትመት ደግሞ 100 ብር ይሁን። 1,000 ቅጂ ቢታተም የአንዱ ዋጋ 700 ብር ይወድቃል። 3,000 ቢታተም ወደ 300 ብር ይወርዳል። ደላላውም ማተሚያ ቤቱም «አብዝተህ አሳትም» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ከ3,000ው 1,000 ብቻ ቢሸጥስ? ጠቅላላ ወጪው 900,000 ብር ስለሆነ የተሸጠው አንዱ ካርታ 900 ብር ፈጅቷል። የቀረው 2,000 ቅጂ በመጋዘን ውስጥ ያረጃል፤ መንገድ ይለወጣል፣ ሎጅ ይከፈታል፣ መንደር ይነሣል። ካርታ እንደ ጨው አይቀመጥም። ስለዚህ በተለይ ጎብኚው ባልተረጋጋበት ጊዜ በጥቂቱ ማተምና ቶሎ ማደስ ይመረጣል። የዝግጅቱ መረጃ የአሳታሚው ንብረት ሆኖ በእጁ እስካለ ድረስ ሁለተኛው ኅትመት ከወረቀቱና ከማደሻው በስተቀር ያን 600,000 ብር አይጠይቅም። ከአዘጋጁ ጋር በሚደረገው ውል ላይም ዋናው ፋይል ለማን እንደሚቀር መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው።

ከመረከብ በፊት

አከፋፋይም ሆነ ባለሀብት ካርታ ከመረከቡ በፊት ኅዳጉን ያንብብ። ስኬሉ፣ የልኬት መነሻው፣ የከፍታ መስመሩ ልዩነት፣ የመረጃው ምንጭና መስኩ የተጣራበት ዓመት አምስቱም መጻፍ አለባቸው። የታተመበት ዓመት ብቻ ተጽፎ የተጣራበት ዓመት ከሌለ ይጠይቅ። ከዚያም አካባቢውን ለሚያውቅ አስጎብኚ ካርታውን ሰጥቶ አሥር ቦታ እንዲያሳየው ያድርግ። አስጎብኚው ሦስቱን ቦታ «ይህ እንኳ እዚህ አይደለም» ካለ ዋጋ መደራደር አያስፈልግም፤ ዕቃው ይመለስ።

የተራራ ካርታ ገዢ ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ እርስ በርሱም ይነጋገራል። በአንድ ጥሩ ካርታ የተገኘ ስም ቀጣዮቹን ካርታዎች ይሸጣል። በአንድ መጥፎ ካርታ የጠፋ ስም ግን በቅናሽ ዋጋ አይመለስም።